ኢንጂነሩ ወንድማችን ሆይ፣ ሰውን የት ተማርከው?



ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ወደ አኺራ ሄዱ። የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር በአንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ትጥበቱና ከፈኑ እዚያው ቤት ውስጥ አለቀና ጀናዛውን ለማውረድ ስድስት ሆነን ቃሬዛውን አነሳን። ኮሪደሩን አለፍን። የመጀመሪያው የደረጃ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ግን ቃሬዛው አልዞር አለ። ወደ ግራ ብንለው ግድግዳ፣ ወደ ቀኝ ብንለው የብረት መደገፊያ። ከላይ ያሉት «ቀስ በሉ!» ይላሉ፣ ከታች ያሉት «ከፍ አድርጉት!» ይላሉ። በመጨረሻ እናታችንን በጋቢ ከቃሬዛው ጋር አስረን፣ ቃሬዛው ሊቆም እስኪደርስ አዘንብለን ነው ያወረድናቸው። ልጃቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ያለቀሰው እናቱ ስለሞቱ ብቻ አልነበረም።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ ወንድማችን ነበር። ከቀብር ስንመለስ ነገሩ ከንክኖት «ኡስታዝ፣ የደረጃው ስፋት እኮ በስታንዳርዱ ነው» አለን። እውነቱን ነው። ስፋቱም ተለክቷል፣ የእርከኑ ቁመትም ተለክቷል፣ ብረቱም ተሰልቷል። ሕንጻው እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። «ታዲያ ምኑ ጎደለ?» ብለን ጠየቅነው። ብዙ ዝም አለና «ሰው እዚህ ቤት ውስጥ እንደሚሞት ያሰበ የለም» አለ።

ይህች ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሯችን አልወጣችም። ዛሬ የምንጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

ከከተማ ልጆቻችን ብዙዎቹ ኢንጂነሪንግ ተምረዋል፣ እየተማሩ ነው፣ ወይም ሊማሩ ይመኛሉ። አልሐምዱሊላህ። ድልድይ የሚሠራ፣ ውሃ የሚያወጣ፣ መብራት የሚዘረጋ ሰው ለኡማውም ለአገሩም ሐብት ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ቁጥሩን ተምሮ ሰውን ያልተማረ ኢንጂነር ግማሽ ኢንጂነር ነው። ግማሹን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አስቀርቶበት ብቻ አይደለም፤ እሱ ራሱ «አያስፈልገኝም» ብሎ የጣለው ብዙ ነው።

ንቀቱ ከየት መጣ?

ሁላችንም የምናውቀው ነው። ልጅ ጎበዝ ከሆነ ናቹራል ይገባል። ሶሻል የገባ እንደሆነ ዘመድ ሁሉ «ምን ነካው?» ይላል። በመንግሥትም በኩል ለዓመታት 70 ለ 30 የሚባል አሠራር ነበር። ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ማለት ነው። አገር መንገድና ፋብሪካ ስለሚያስፈልጋት የታሰበ ነገር ነው፤ በዚያ አንከራከርም። ነገር ግን ከቁጥሩ ጋር አንድ መልእክት አብሮ ወደ ልጆቻችን ልብ ገባ፦ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ፍልስፍና የተራፊ ትምህርት ነው የሚል።

ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ኮርሶች ያሳልፋል። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ። ኢንጂነሪንግ የሚገባውም እነዚህን ይወስዳል። አንድ የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ መስጂዳችን ውስጥ አለ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አላህ ይጠብቀው። ስለነዚያ ኮርሶች ጠየቅነው።

«ኡስታዝ፣ እሱን ሃንድአውት ሸምድደን ነው ያለፍነው» አለን እየሳቀ።

«አንትሮፖሎጂ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ... ባህል ነገር ነው። ሀ ነበር ያገኘሁት።»

ሀ አግኝቷል፤ ትምህርቱን ግን አላገኘውም። እኛ አልሳቅንበትም። ምክንያቱም እኛም በመድረሳ ስንት ኪታብ ቃሉን ሸምድደን ትርጉሙን ከዓመታት በኋላ እንዳገኘነው እናውቃለን።

ስሙ አያስደንግጣችሁ

ውጭ አገር ይህን ዓይነት ትምህርት ሊበራል አርትስ ይሉታል። «ሊበራል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ አንዳንድ ወንድሞች በፖለቲካውና በሥነ ምግባሩ የሚወራውን ሊበራልነት ስለሚያስቡ ይሸሹታል። ነገሩ ሌላ ነው። ስሙ ከጥንት ላቲን የመጣ ሲሆን ባሪያ ያልሆነ፣ ነጻ የሆነ ሰው ሊማራቸው የሚገቡ ዕውቀቶች ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰባት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሰዋስው፣ ሎጂክና የንግግር ጥበብ ናቸው። የመጨረሻዎቹ አራቱ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና የከዋክብት ዕውቀት ናቸው።

እስኪ የመድረሳ ልጅ የሆናችሁ አስተውሉ። ሰዋስው ነሕው ነው። ሎጂክ መንጢቅ ነው። የንግግር ጥበብ በላጋ ነው። ሦስቱን እናውቃቸዋለን! ዑለሞቻችን «ዑሉሙል ኣላ» ይሏቸዋል፤ የመሣሪያ ዕውቀቶች ማለት ነው። ደረሳ ወደ ትልልቆቹ ኪታቦች ከመዝለቁ በፊት በአጅሩሚያ ይጀምራል፤ ከበረታ አልፊያ ይደርሳል። አንድ ሐረካ ስትለወጥ ገዳዩ ሟች፣ ሟቹ ገዳይ ሊሆን እንደሚችል ያኔ ነው የምንማረው።

ኢንጂነሪንግ የምትማረው ወንድሜ ደግሞ ይህን አስተውል። ሒሳብና ጂኦሜትሪ ከሰዋስውና ከሎጂክ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ሁለቱን የለያያቸው የኋላ ሰው ነው። አንተ ዛሬ «የእኔ አይደለም» የምትለው ትምህርት የትምህርትህ ታናሽ ወንድም እንኳ አይደለም፤ መንትያው ነው።

ከቀደሙት ሁለት ሰዎች

ብዙ ጊዜ «ሙስሊሞች አልጀብራን ፈጠሩ» እያልን እንኮራለን። ኩራቱ ጥሩ ነው፤ ግን ኪታቡ ውስጥ ምን እንዳለ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። አል ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የጻፈው የአልጀብር ኪታብ ሰፊው ክፍሉ ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። ሰው ሲሞት ለሚስት ስንት፣ ለልጅ ስንት፣ ለእናት ስንት? ዕዳስ ቢኖርበት? ባሪያ ነጻ አውጡልኝ ብሎ ቢናዘዝስ? ሰውዬው ፊቅህን ባያውቅ ኖሮ ያ ሁሉ ጥያቄ ከየት ይመጣለት ነበር? ስሌቱ ከሰው ችግር ጋር አብሮ ነው የተጻፈው።

ሁለተኛው ኢብኑል ሀይሠም ነው። በብርሃንና በዓይን ጥናቱ ዓለም የሚያውቀው ሰው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደተረኩት የዓባይን ውሃ በግንባታ መቆጣጠር ይቻላል ብሎ ወደ ግብጽ ተጠራ። ወደ ደቡብ ወጥቶ ወንዙን ተከትሎ ሲሄድ የጥንቶቹን ግብጾች ታላላቅ ሕንጻዎች አየ። ልኬታቸውን፣ ጥራታቸውን አየና አሰበ፦ ይህን ማነጽ የቻሉ ሰዎች ያሰብኩት ነገር የሚቻል ቢሆን ኖሮ ይተዉት ነበር? ቦታውንም አይቶ ዕቅዱ እንደማይሠራ አመነ። ገዢው ፊት «አልችልም» ማለት ያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ታሪክን ማንበብ የኢንጂነሪንግ ሥራ ሆነ። ከእርሱ በፊት የኖረውን ሰው አክብሮ መመልከቱ ነው ከከንቱ ልፋት ያዳነው።

በዘመናችን ደግሞ

ፈዝሉር ረህማን ኻን የሚባል ሰው ነበር። በ1929 እ.ኤ.አ. በዳካ፣ በዛሬዋ ባንግላዲሽ ተወለደ፤ እዚያው ኢንጂነሪንግ ተማረና በ1952 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደ። በቺካጎ ከተማ ያሉት ባለ 100 ፎቁ ጆን ሃንኮክና ባለ 110 ፎቁ ሲርስ ታወር የእርሱ የምህንድስና ሥራዎች ናቸው። ሲርስ ታወር 442 ሜትር ሲሆን ከ20 ዓመት በላይ የዓለም ረጅሙ ሕንጻ ሆኖ ቆይቷል። ሐሳቡ ሲያዩት ቀላል ነው፦ ሕንጻውን በውስጥ ምሰሶዎች ከመደገፍ ይልቅ ጥንካሬውን ወደ ውጭ ግድግዳው አምጥቶ እንደ ቀርከሃ ክፍት ቱቦ ነፋስን እንዲቋቋም ማድረግ። ከእርሱ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች ከዚህ ሐሳብ ተበድረዋል።

ይህ ሰው ግን የብረት ሰው ብቻ አልነበረም። የአገሩን የቤንጋልን ግጥምና ዜማ የሚወድ፣ ስለ ሰው የሚያነብና የሚያወራ ነበር። በ1971 ሕዝቡ በጦርነት ሲጎዳ ቺካጎ ተቀምጦ ለወገኖቹ ድምጽ ከሆኑትና ርዳታ ካሰባሰቡት አንዱ ነው።

የዚህን ፍሬ ማየት የፈለገ የጅዳን የሐጅ ተርሚናል ይመልከት። ሐጅ የሄዱ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ሑጃጅ ከአውሮፕላን ወርደው ወደ መካ እስኪንቀሳቀሱ ብዙ ሰዓት ይጠብቃሉ፤ በዚያ ሙቀት፣ ከልጅ እስከ ሽማግሌ፣ ከዓለም ሁሉ መጥተው። ኻንና አርክቴክቱ ጎርደን ባንሻፍት ሌላ የተዘጋ የመስታወት አዳራሽ አልሠሩም። በረሃ ላይ ሰው ከጥንት ጀምሮ እንዴት እንደተጠለለ ጠየቁ፤ መልሱ ድንኳን ነው። 210 ግዙፍ የጨርቅ ድንኳኖችን በብረት ምሰሶና ገመድ ወጠሩ። ጨርቁ ፀሐይን ይመልሳል፣ ሙቁ አየር በላይ ይወጣል፣ ከሥሩ ሰው ምንጣፉን ዘርግቶ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል። ተርሚናሉ በ1981 አገልግሎት ጀመረ። የጨርቁንና የገመዱን ስሌት ኮምፒውተር ሠርቶታል። ሑጃጁ መሬት ላይ በቡድን መቀመጥ እንደሚፈልግ ግን ኮምፒውተር አይነግርህም። ያንን የሚነግርህ ሰውን ማወቅ ነው።

ያልተጻፈው ገጽ

አሁን ወደ ቁስላችን እንምጣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ አውሮፕላን በተነሳ በስድስት ደቂቃ ገደማ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ነፍስ ጠፋ። ከዚያ በፊት አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ተመሳሳይ የኢንዶኔዥያ አውሮፕላን ከ189 ሰው ጋር ባሕር ውስጥ ገብቷል።

በሁለቱም ላይ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋ ኤምካስ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ የሚያምነው አንድ ሴንሰር ብቻ ሲሆን ያ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ሰጠው። ፓይለቶቹ ሲጎትቱ እርሱ ይገፋል። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ስለዚህ ሥርዓት በፓይለቶች መመሪያ ውስጥ ማብራሪያ አልተጻፈም ነበር። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም አምራቹ ቦይንግ ሠራተኞቹ ስለዚሁ ሥርዓት የአሜሪካን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ማታለላቸውን ተቀብሎ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ የሚችል ሰው ጠፍቶ ነው? ወላሂ አይደለም። የጠፋው ሌላ ነው። «ይህን ለሚያበረው ሰው ልንነግረው ይገባል» የሚል ሰው፣ ብሎም ጸንቶ የሚቆም ሰው፣ ጥርት ባለ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው። በእኛ ቃል አማና ነው የጎደለው። በዩኒቨርሲቲው ቃል ሥነ ምግባርና ተግባቦት ይሉታል፤ ልጆቻችን በሃንድአውት የሚያልፉት ኮርስ ማለት ነው።

እኛም ግማሽ ነን

ይህን ሁሉ ስንል እኛ የመድረሳ ሰዎች ሙሉ ነን ማለታችን አይደለም። ከተናገርን በራሳችን ላይም እንናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመስጂዳችንን የውዱእ ማድረጊያ ስናሠራ ኮሚቴው ውስጥ የነበርነው ሁላችንም የኪታብ ሰዎች ነበርን። «ሲሚንቶና ድንጋይ አይደል እንዴ» ብለን ኢንጂነር አላማከርንም። ሥራው አለቀ፣ ተመረቀ፣ ሕዝብ ውዱእ ማድረግ ጀመረ። ውሃው ግን ወደ ማፍሰሻው መሄዱን ትቶ ወደ ጎረቤታችን አጥር ይሄድ ጀመር። ጎረቤታችን አዛውንት ናቸው፣ የሌላ እምነት ተከታይ። አንድ ክረምት ታገሱን። በሁለተኛው የጭቃ ግድግዳቸው ዘመመ። ሊወቅሱን ሲመጡ «ልጆቼ፣ ጸሎታችሁን አልጠላሁም፤ ውሃችሁ ግን ቤቴን በላው» አሉን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠን በመረጥን ነበር።

በኋላ አንድ ባለሙያ ወንድም መጥቶ ለካው። በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል ሲገባው ጭራሽ ወደ ውጭ ነበር ያዘነበለው። አፈረስን፣ እንደገና ሠራን፣ የአዛውንቱንም ግድግዳ አቆምን። የጀማዓው ሰደቃ ሁለት ጊዜ ወጣ። ኒያችን ጥሩ ነበር፤ ውሃ ግን ወደ ኒያ አይፈስም፣ ወደ ዝቅታው ነው የሚፈሰው።

እናም ወንድሞች፣ ደረጃውን የሠራው ሰው ጀናዛን አላሰበም፤ እኛ ደግሞ ተዳፋቱን አላሰብንም። እርሱ የእናታችንን ክብር ነካ፣ እኛ የጎረቤታችንን ሐቅ። የሁለታችንም ጥፋት አንድ ነው፦ የራሳችንን ግማሽ ሙሉ አድርገን ማየታችን።

ኢማም አል ገዛሊ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ከ900 ዓመታት በፊት በኢሕያእ ውስጥ ይህን ታዝበዋል። ሕክምናና ሒሳብ ለሕዝብ ከማያስፈልጉት ሳይሆን ፈርድ ኪፋያ ከሆኑት ናቸው ብለው ጽፈዋል። የዘመናቸው ተማሪ ሁሉ ሹመት ወደሚያስገኘው የፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ፣ ሙስሊም ሐኪም የሌለበት ከተማ ግን ሞልቶ ሳለ ዝም መባሉን ወቅሰዋል። ዛሬ ጎርፉ አቅጣጫ ቀየረ እንጂ ጎርፍነቱን አልተወም። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከሄደ የቀረውን ግዴታ ማን ይሸከመዋል?

«ጊዜ የለንም» ለሚሉ

የሚነሱብንን ጥያቄዎች እናውቃቸዋለን።

«ኡስታዝ፣ ኢንጂነሪንግ ራሱ አምስት ዓመት ነው። ፕሮጀክት፣ ላብ፣ ኢንተርንሺፕ፣ አሁን ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። መቼ ይደረስ?» እውነት ነው። ሀብታሞቹ አገሮች መንገድ አበጅተውለታል። ኤምአይቲ የሚባለው የታወቀው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የትኛውም ተማሪ፣ ኢንጂነርም ቢሆን፣ ከሰብዓዊ ትምህርቶች፣ ከኪነ ጥበብና ከማኅበራዊ ሳይንስ ስምንት ኮርስ ካልወሰደ አያስመርቅም። ሌላም 3 ለ 2 የሚሉት አለ፦ ተማሪው ሦስት ዓመት በሊበራል አርትስ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት በኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ይቆይና ሁለት ዲግሪ ይዞ ይወጣል። የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከብዙ ኮሌጆች ጋር በዚህ መልክ ሠርቷል። የእኛ ልጅ ይህ ዕድል የለውም። ግን አንድ ነገር ይንገረን፦ በቴክኖሎጂ የቀደሙን ሰዎች ይህን ትርፍ ነገር ቢሆን ኖሮ የምረቃ ግዴታ ያደርጉት ነበር?

«ሥራ እንኳ በሌለበት ታሪክና ሎጂክ ዳቦ ይሆናል?» ብለው የሚጠይቁም አሉ። በዲግሪው ባጃጅ የሚነዳ ኢንጂነር በሰፈራችን አለ፤ በእርሱ ላይ አንቀልድም፣ ሐላል ሥራ ነው። ታሪክ ያነበበ ሁሉ ሥራ ያገኛል ብለንም አንዋሽም። ያየነውን ብቻ እንናገር። ሁለት ጓደኛሞች አብረው ተመርቀው፣ አንዱ ለአንድ ቀበሌ የውሃ መስመር ሐሳቡን ሽማግሌዎች በሚገባቸው አማርኛ ጽፎ፣ ስብሰባ ላይ ቆሞ አስረድቶ፣ ሲቃወሙትም አዳምጦ ሥራውን አገኘ። የእርሱ ስሌት ከሌላው የበለጠ አልነበረም። ሌላው ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ሞልቶት መጣና የሚያነብለት አጣ።

«ፍልስፍናና መንጢቅ ዐቂዳን ያበላሻሉ» የሚሉም አሉ። ስለ መንጢቅ ዑለሞች እንደተለያዩ አንክድም። ኢብኑ ሰላሕ ከልክለዋል፤ አል ገዛሊ ደግሞ በኡሱል ኪታባቸው በአል ሙስተስፋ መግቢያ ላይ አስቀምጠውታል። የእኛ ምክር፦ ዐቂዳህን ከምታምነው ዓሊም ዘንድ አጽና፣ ከዚያ የቀረበልህን ሐሳብ መዝን። ማመዛዘን ያልተማረ ሰው ግን ከፍልስፍና ቢሸሽም ከስልኩ አያመልጥም። በየምሽቱ በቲክቶክ የሚለቀቅለትን ወሬ ሁሉ የሚውጠው እርሱ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆናችሁ፣ እነዚያን ኮርሶች ለውጤት ብቻ አትውሰዱ። የሎጂኩን መምህር «ይህ በሥራዬ የት ይገጥመኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። ያለፋችሁትም ሃንድአውቱን ከካርቶን ውስጥ አውጡት፤ አሁን ስታነቡት ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ማንኛውንም ፕሮጀክት ስትጨርሱ ስለ እርሱ አንድ ገጽ እናታችሁ በምትናገረው ቋንቋ ጻፉ። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ሌላ። አንብባችሁላት ካልገባት ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከመንደፋችሁ በፊት ሦስት ሰው ጠይቁ፦ በዚያ ቤት የሚኖር ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ቤቱን የሚያጸዳ ሠራተኛ። እህቶቻችን ኢንጂነሮች በዚህ እንደሚቀድሙን አይተናል። የሴቶች መስገጃውን ደረጃ ሲያድሱ አንዲት ተማሪ ናት «አሮጊቶቹ የሚይዙት ነገር የታለ?» ያለችው። እኛ አሥር ወንዶች ቆመን አላየነውም።

አራተኛ፣ በክረምት አንድ ትንሽ ኪታብ ከአንድ ሸይኽ ዘንድ ቅሩ፤ ከዚያም አንድ የታሪክ መጽሐፍ አንብቡ። ብዙ አትጀምሩ። ብዙ የጀመረ ብዙ ያቋርጣል።

አምስተኛ፣ የመድረሳ ወንድሞቻችን ሆይ፣ ይህ ለናንተ ነው። ሒሳብ ተማሩ። የቤት ፕላን ማንበብ ተማሩ። በእኛ መስጂድ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ልውውጥ ጀምረናል፦ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ለደረሳው ሒሳብና ጂኦሜትሪ ያሳያሉ፣ ደረሳው ለእነርሱ ነሕው ያቀራል። ዘጠኝ ሆነው ጀመሩ፤ አምስት ቀሩ። አምስቱ ግን አልቀሩም፤ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ያ «ሸምድደን ነው ያለፍነው» ያለን የኤሌክትሪካል ተማሪ ከአምስቱ አንዱ ነው። ባለፈው ሳምንት የፋዒልን ትርጉም ካስረዳነው በኋላ «ኡስታዝ፣ ይሄ እኮ እንደ ሰርኪዩት ነው፤ አንዱ ከተቋረጠ ሁሉም ይጠፋል» አለን። እኛ ሰርኪዩት ምን እንደሆነ አናውቅምና እርሱ ደግሞ እኛን አስተማረን።

በመጨረሻም

ከእናታችን ቀብር በኋላ ያ ሲቪል ኢንጂነር ወንድማችን በሌላ ሕንጻ ሥራ ላይ ተቀጠረ። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ወረቀት ይዞ መጣ። የደረጃ ንድፍ ነው። ከመስጂዱ መጋዘን ቃሬዛውን አስወጣንና አብረን ለካነው፤ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ትከሻ ላይ ሲሆን ስንት ቦታ እንደሚይዝ። ጻፈው። መታጠፊያው ላይ ትንሽ እንዲሰፋ ለአለቆቹ ሐሳብ እንደሚያቀርብ ነገረን። «ወጪ ይጨምራል ካሉኝስ?» አለ። «እናታቸው በየትኛው ፎቅ እንደሚኖሩ ጠይቃቸው» አልነው።

ይቀበሉት አይቀበሉት ገና አልሰማንም። ዱዓ አድርጉለት።

አላህ ጠቃሚ ዒልምን፣ ተቀባይነት ያለው ሥራን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።